ቁጥር አንድ ፊት

ይህ ትምህርት በትምህርት ቤታችን ሲጀመር ስሙ ከጊዜ ሰሌዳው ሣጥን ውስጥ አልገባ ብሎ ነበር። «የግል፣ የማኅበራዊ ኑሮ፣ የጤናና የግንኙነት ትምህርት» የሚለውን ርእሰ መምህርቷ ሁለት ጊዜ በትንንሽ ፊደል ሞከረችው፤ ሁለቱንም ጊዜ ከመስመር ወጣባት። በመጨረሻ «ኑሮ» ብላ ጻፈችና ከጎኑ የእኔን መጠሪያ አኖረች።

እኔ የእጅ ሥራ መምህር ነኝ። እንጨት እንዴት እንደሚለካ፣ እንዴት እንደሚቆረጥና እንዴት እንደሚላግ ላስተምር ከአናጢነት ወደዚህ ቤት ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ኑሮን እንዳስተምር የተመረጥኩት ግን በችሎታዬ አልነበረም። ሐሙስ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሥራ የሌለኝ እኔ ብቻ ሆኜ ስለተገኘሁ ነው።

«እኔ ምኑን አውቄው ነው የማስተምረው?» አልኳት።

ርእሰ መምህርቷ በልጅነቷ የእኔው ተማሪ ነበረች። ያን ጊዜ የሠራችው በርጩማ ዛሬም ከቢሮዋ ጥግ አለ፤ አንድ እግሩ ስለሚያጥር ከሥሩ የታጠፈ ካርቶን ተደርጎለታል። ሰው ፊት አንቱ እላታለሁ፤ ለብቻችን ስንሆን አንቺ እላታለሁ።

«ጋሼ፣ ሰባ ዓመት ኖረዋል አይደል?»

«ሰባ ሁለት።»

«ታዲያ ምን ቀረዎት? መምሪያውን እያነበቡ ማስተማር ብቻ ነው።»

ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ ነው። ዘግይቼ ስለተማርኩ የታተመ ነገር ሁሉ ከእኔ የሚበልጥ ሰው የጻፈው ይመስለኛል። ስለዚህ መምሪያውን ጣቴን ከመስመሩ ሥር እያስኬድኩ ከዳር እስከ ዳር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጥርስ መቦረሽ የሚለው ገባኝ። መንገድ ስለ መሻገር፣ ጓደኛን ስለ ማዳመጥ፣ ያዩትንና የተሰማቸውን ነገር ሳይደብቁ ስለ መናገር የሚለውም ገባኝ። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ግን ቆምኩ። ምዕራፉ ተማሪው የሰውን ስሜት ከፊቱ ላይ ለይቶ እንዲያውቅ ያዝዛል፤ ለዚህም ደስታ፣ ሐዘን፣ ቁጣ፣ ፍርሃት፣ መገረምና መጸየፍ የሚሉ ስድስት ፊቶች ተስለውበታል። የደረሰን ቅጂ የቅጂ ቅጂ ስለነበረ ግን ስድስቱም በጥቁር ቀለም ተለውሰው ስድስት ያረሩ ድንቾች መስለዋል።

እኔ በእጄ ያልጨበጥኩትን ነገር ማስተማር አይሆንልኝም። ስለዚህ ከለስላሳ እንጨት መዳፍ የሚያህሉ ስድስት ፊቶች ቀረጽኩ። ለእያንዳንዱ ፊት ከማውቀው ሰው መልክ ተበደርኩ። ቁጣን ከሒሳብ መምህሩ ወሰድኩ፤ ጠመኔ ሲጠፋበት ቅንድቦቹ አንድ ይሆናሉ። ፍርሃትን መጋዝ ጣቱን ለጥቂት ከሳተው ልጅ፣ ሐዘንን ከመስተዋት ወሰድኩ። ደስታን የወሰድኩት ከባለቤቴ ነው። ካረፈች አሥራ ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ሌላው መልኳ እየደበዘዘብኝ ሲሄድ ፈገግታዋ ብቻ ከዓይኔ አልጠፋም። ከንፈሮቿ ገጥመው፣ የአፏ ጠርዞች ከፍ ብለው፣ ቅንድቦቿ በትንሹ ተሰብስበው። ከሌሎቹ ይልቅ እሱ ብዙ ቀን ወሰደብኝ። ሲያልቅ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ እንደ መምሪያው ቅደም ተከተል ከጀርባው በጋለ ምስማር «፩» ብዬ ተኮስኩበት።

አራተኛ ክፍሎች ፊቶቹን ወደዷቸው። ትምህርቱንም «የፊት ትምህርት» ብለው ሰየሙት። ከመካከላቸው ሲናገር ውሎ ሲናገር ስለሚያድር «ሬዲዮ» የሚሉት ልጅ አለ፤ እሱ ገና ሦስተኛውን ፊት ሳነሣ፣

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሒሳብ ቲቸር ነው» አለ።

«አይደለም።»

«ነው። ጠመኔ ያምጡለትና ይዩት።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ።

ያልሳቀችው አንዲት ልጅ ነበረች። ልጆቹ «ጭምቷ» ይሏታል። አሥር ዓመት አልሞላትም፤ የምትቀመጠው በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ ነው። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ጋር ይዋሰናል። ከአጥሩ አንድ ጣውላ ከታች ምስማሩ ወልቋል፤ ጭምቷ በእረፍት ሰዓት ጣውላውን ገፋ አድርጋ ትሾልክና ቤቷ ደርሳ፣ ደወል ሳይደወል ትመለሳለች። ርእሰ መምህርቷ ያንን ጣውላ እንድመታው ሦስት ጊዜ ነግራኛለች። ሦስቱንም ጊዜ እሺ ብያለሁ። ልጅቷ የምትኖረው ከእናቷ ጋር ብቻ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ግን አልጠየቅሁም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እኔ አጭር ታሪክ እናገራለሁ፤ ልጁ ከስድስቱ ፊቶች ተስማሚውን ያነሣል። የጭምቷ ተራ ሲደርስ፣ «አንዲት ሕፃን ሰው በበዛበት ቦታ እናቷን አጣቻት» አልኩ። ጭምቷ ጠረጴዛው ዘንድ መጣች፤ ስድስቱንም አየች፤ ቁጥር አንድን አነሣች።

«ጭምቷ፣ ልጅቷ እኮ የጠፋችው ናት» አለ ሬዲዮ ከኋላ። «ሎተሪ የደረሳት አይደለችም።»

«ዝም በል አንተ» አልኩት። ለእሷም፣ «ደግመሽ እዪው» አልኳት።

ደግማ አየችው፤ አልለወጠችም። ሌላ ታሪክ ሞከርኩ። «አንድ ልጅ የሚወደው አጎቱ ከሩቅ አገር መጣለት።» አሁን ስድስቱንም አንድ በአንድ እያነሣች አገላብጣ ወደ ቦታቸው መለሰቻቸው።

«እዚህ የለም» አለች።

«ምኑ ነው የሌለው?»

«ፊቱ።»

ሐዘኑን፣ ቁጣውን፣ መገረሙንና መጸየፉን ግን አልሳተችም። ይህ ነው ግራ ያጋባኝ። ጨርሶ የማይገባት ቢሆን ኖሮ ሁሉንም በሳተች ነበር። ልትቀልድብኝ ነው እንዳልል ደግሞ ከዚህች ልጅ አፍ ቀልድ ሰምቼ አላውቅም።

በማግሥቱ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ጣውላ ስታለሰልስ አጠገቧ ቆምኩና ፊቱን ከኪሴ አወጣሁት።

«ይሄ ምን ይመስልሻል?»

«የፈራ ሰው።»

«ፈገግ እያለ?»

«አዎ።»

«እንዲህ ያለ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«የት?»

የብርጭቆ ወረቀቱን አጥፋ ማለስለሷን ቀጠለች፤ እስከ ደወሉ ድረስ ያንኑ አንድ ቦታ ስትፈገፍግ ቆይታ ጣውላው መሐሉ ጎደጎደ። እሷ ከሄደች በኋላ ፊቱን ከመሣሪያ መደርደሪያው ላይ አቁሜ ከግራ አየሁት፤ ከቀኝ አየሁት፤ መብራቱን አጥፍቼ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። እኔ የማየው የባለቤቴን ፈገግታ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ርእሰ መምህርቷ ጠራችኝ። በሩን ዘግታ፣ በርጩማው ላይ ራሷ ተቀምጣ፣ ወንበሩን ለእኔ ለቀቀችልኝ። እንዲህ ስታደርግ ጥሩ ወሬ እንደሌላት አውቃለሁ።

«የምዘና ባለሙያ ሊመጣ ነው» አለች። «አራተኛው ምዕራፍ ላይ ነው የሚመዝኑት። ከስድስት አምስት ያላገኘ ልጅ ወደ ልዩ ድጋፍ ክፍል ይዛወራል ብለዋል።»

«ክፍሉ የት ነው?»

«እኛ ጋ የለም። ከከተማው ማዶ ያለው ትምህርት ቤት ነው። ሁለት አውቶቡስ ነው።»

ስለ ማን እንደምታወራ ሁለታችንም አውቀናል።

«ጭምቷ አራት ነው የምታገኘው» አልኳት።

«አውቃለሁ። እስከዚያ ያለማምዷት።»

ሁለት አውቶቡስ ማለት ጣውላ የለም ማለት ነው። በእረፍት ሰዓት ቤት ደርሶ መመለስ የለም። ልጅቷ ቤቷ ሄዳ ምን እንደምታደርግ አላውቅም፤ አንድ ቀን እንኳ ሳትሄድ እንደማትቀር ግን አውቃለሁ፤ ዝናብም ቢሆን ትሄዳለች።

ስለዚህ በሕይወቴ የማልኮራበትን ነገር አደረግሁ። ባለሙያው በሚመጣበት ጠዋት ጭምቷን ከእጅ ሥራ ክፍሉ በር ላይ ጠራኋትና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ስለ ፍርሃት ሲጠይቅሽ ቁጥር አራትን አንሺ፤ ስለ ደስታ ሲጠይቅሽ ቁጥር አንድን አንሺ» አልኳት።

«ቁጥር አራት እኮ የደነገጠ ነው» አለች።

«ይሁን። አንቺ አንሺው።»

ትንሽ አሰበች።

«ጋሼ፣ ያየሁትን እንዳልናገር ነው?»

ያየኸውን ተናገር የሚለው ሁለተኛው ምዕራፍ ነው። ያስተማርኳትም እኔ ነኝ፤ ሰሌዳው ላይ በትልልቅ ፊደል ጽፌ፣ ክፍሉን አምስት ጊዜ አስብዬ። «ሂጂ፣ ይደወላል» አልኳት።

ባለሙያው ወጣት ነው። ብዕሩን በክር አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፤ ትሑትም ነው፤ «አባቴ» እያለ ነው የሚያናግረኝ። ፊቶቹን ሲያይ በጣም ተገረመ፤ አንዱን አንሥቶ በአውራ ጣቱ ዳበሰውና፣ «እንዲህ ያለ መርጃ መሣሪያ በየትም አላየሁም» አለና ምዘናውን በእነሱ ጀመረ። እኔም ደስ አለኝ፤ አሁን ሳስበው ደስ ማለቴ ያሳፍረኛል።

ጭምቷ ለፍርሃት ቁጥር አንድን አነሣች። ለደስታ «እዚህ የለም» አለች። ከስድስት አራት።

ባለሙያው በቅጹ ላይ «ስሜትን የመለየት ችግር ይታይባታል» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ሥር ሁለት ባዶ መስመሮች አሉ፤ አንዱ የወላጅ ፊርማ፣ አንዱ የመምህር ፊርማ።

«ዓርብ እናቷ ትጠራና ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ» አለኝ። «ለልጅቷ ነው፣ አባቴ። እዚያ ይረዷታል።»

እስከ አርባ አንድ ዓመቴ በአውራ ጣቴ እያተምኩ የኖርኩ ሰው ነኝና ለፊርማዬ እጠነቀቃለሁ። ቅጹን ተቀብዬ፣ ፊቶቹንም በከረጢት ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ይዣቸው ሄድኩ። ምን ላደርጋቸው እንደፈለግሁ አላውቅም። ምናልባት ቅርጹን ትንሽ ላስተካክለው ይሆናል ብዬ አስቤ ነበር።

አብራኝ የምትኖረው ልጄ ልብስ ሰፊ ናት። ስገባ ስፒሎች ከንፈሯ መሐል ይዛ የቀሚስ ጠርዝ ስታያይዝ ነበር። ፊቶቹን ከጠረጴዛው ላይ ስደረድራቸው አንገቷን ሰገግ አድርጋ አየች፤ ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥታ መሰኪያ ትራሷ ላይ ሰካቻቸውና ቁጥር አንድን አነሣችው።

«ይቺ እማማ ናት።»

«አዎ። ደስታ ናት።»

በእጇ ላይ አገላበጠችው። ከዚያ፣ «አባባ፣ ይሄን ፊት መቼ ነው ያየኸው?» አለችኝ።

«መቼ ማለት? ሁልጊዜ ነዋ።»

«ሁልጊዜስ አይደለም። እማማ ደስ ሲላት አፏን በእጇ ነበር የምትከድነው። የፊት ጥርሷ ከወለቀ ጀምሮ። ስትስቅ አፏን አይተህ ታውቃለህ?»

ላስታውስ ሞከርኩ። እጇ ትዝ አለኝ፤ ቀለበቷ፣ ጣቶቿ፣ ከጣቶቿ በላይ ያሉት ዓይኖቿ። አፏ አልመጣልኝም።

«እና ይሄ የምን ጊዜ ነው?»

«ከሐኪም ቤት ስንመለስ ነዋ። አንተ በሩን ከፍተህ ‹ምን አሉሽ?› ስትላት።»

«‹ደህና ነኝ› ነበር የምትለኝ።»

«አዎ፣ እንደሱ ነበር የምትልህ። ክንዷን ይዣት ነበር የምቆመው። ክንዷ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ፊቷ ደግሞ እንዲህ ይሆን ነበር።»

መቀመጫ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ስንት ጊዜ ያንን በር ከፈትኩ? ስንት ጊዜ ፊቷን አይቼ እፎይ ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ?

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

ልጄ ፊቱን ወደ ቦታው መለሰችው።

«ያወቅህ መስሎኝ ነበር፣ አባባ።»

በዚያ ሰዓት ሁለት ነገር አንድ ላይ ተምታታብኝ። ጭምቷ የተሳሳተችው ነገር እንደሌለ ገባኝ፤ ስለ ሚስቴ ግን ምን እንዳወቅሁ ገና አልገባኝም። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ደስታዋ ነው ብዬ ያስታወስኩት ሌላ ነገር ከሆነ ደስታዋን የት አኖርኩት? መሮዬን አንሥቼ ቅርጹን ላስተካክለው አስቤ ነበር፤ መሮውን መልሼ አስቀመጥኩት። አንድም የተሳሳተ መስመር አልነበረውም። ስሙ ነው እንጂ።

ዓርብ ረፋድ ላይ ቢሮው ውስጥ ተሰበሰብን። ባለሙያው ቅጹን ዘርግቶ ተቀመጠ። እኔ ፊቶቹን ከጠረጴዛው ጫፍ ደረደርኩ። ጭምቷ በሩ አጠገብ ቆማለች። እናቷ ዘግየት ብላ ገባች፤ ቀጭን ሴት ናት፤ ሹራቧ የተገዛው ሰውነቷ ሞላ ባለበት ጊዜ እንደሆነ ያስታውቃል። ርእሰ መምህርቷ ወንበር ልትስብላት ስትል እሷ ፈጥና በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ ተንገዳገደባት።

«ይቅርታ፣ እሱ እግሩ...» አለች ርእሰ መምህርቷ።

«ይመቸኛል፤ ምንም አይልም።»

ባለሙያው በትሕትና አስረዳት። ልጅቷ ጎበዝ እንደሆነች፣ ነገር ግን የሰውን ስሜት ከፊቱ መለየት እንዳቃታት፣ ክፍሉ ጥሩ መምህራን እንዳሉት፣ ሁለት አውቶቡስ እንደሚያስፈልግ ተናገረ። እናትየው ራሷን እየነቀነቀች ሰማችው። ሲጨርስ ከንፈሮቿ ገጠሙ፣ የአፏ ጠርዞች ከፍ አሉ፣ ቅንድቦቿ በትንሹ ተሰበሰቡ።

«ችግር የለውም» አለች። «እናደርሳታለን። ምንም አይደለም፤ የት ነው የምፈርመው?»

ከጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያለውን እንጨት አየሁ። እሷን አየሁ። እንደገና እንጨቱን አየሁ። እኔው በገዛ እጄ፣ ይህችን ሴት አንድ ቀን ቀርቤ ሳላያት፣ መልኳን ቀርጬዋለሁ።

«ቆዩ፣ አይፈርሙ» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በጥበብ ይናገረው ነበር። እኔ ግን ወደ ልጅቷ ዞሬ፣ «ልጄ፣ እናትሽ አሁን የትኛዋ ናት?» አልኳት። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ተጸጸትኩ።

ጭምቷ መጣች። ፊቶቹን አገላብጣ አላየችም። ቁጥር አንድን አንሥታ ከእናቷ ጉልበት ላይ ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

እናትየው ወደ ጉልበቷ ጎንበስ አለች። ፈገግታው ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ማንሣቱን የረሳችው ይመስል ነበር። ከዚያ ለቀቀ።

«ማን ነገራት?» አለች።

እንጨቱን በጣቷ ነካችው።

«ሰኞ ነው የምርመራውን ውጤት የሚሰጡኝ። ለእሷ አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም።» ወደ ልጇ ዞረች። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም» አለች ጭምቷ። «ከሐኪም ቤት ስትመጪ እንዲህ ትሆኛለሽ። በእረፍት እየመጣሁ የማይሽ ለዚህ ነው።»

«ጨው ረሳሁ፣ እርሳስ ረሳሁ ትይኝ የለም እንዴ?»

«እሱማ...» አለችና ጫማዋን አየች።

ባለሙያው ብዕሩን ከቅጹ ላይ አነሣው፤ ክሩ ላይ ሲወዛወዝ በእጁ ያዘው። እንጨቱን ከእናትየው ጉልበት ላይ፣ ይፈቀድልኝ እንደማለት እጁን ዘርግቶ፣ ወሰደና ከጀርባው ያለውን ቁጥር አየ።

«አባቴ፣ ይሄ በመምሪያው ደስታ ነው» አለኝ።

«መምሪያው ትክክል ነው። የሳትኩት እኔ ነኝ። የፈራ ሰው ቀርጬ ደስታ ብዬ ቁጥር ሰጠሁት።»

«ቁጥር አራትስ?»

«የደነገጠ ልጅ ነው። መጋዝ ስቶት።»

«ታዲያ ደስታ የቱ ነው?»

«የለም። ልጅቷ ‹እዚህ የለም› ብላዎታለች፤ እውነቷን ነው።»

ቅጹን አንሥቶ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ላለ ነገር የተዘጋጀ ቦታ አልነበረም፤ ጀርባውን ገልብጦም ፈለገ። ርእሰ መምህርቷ፣ «ልጅቷ ከስድስት ስድስት አገኘች ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«እንደሱ ብዬ መጻፍ አልችልም» አለ። «አራት ነው ብዬም መጻፍ አልችልም።» ግንባሩን አሸት አድርጎ የጻፈውን ሰረዘና ከሥሩ «ምዘናው በመርጃ መሣሪያ ጉድለት ምክንያት ተሰርዟል፤ ተማሪዋ ባለችበት ክፍል ትቀጥላለች» ሲል አሰፈረ። «የጉድለቱን ባለቤት ስም መጻፍ አለብኝ፣ አባቴ።»

«ይጻፉ። እፈርምበታለሁ።»

ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዱን ፊደል ለይቼ ፈረምኩ።

እናትየው ስትወጣ ከደጃፉ ድረስ ሸኘኋት። አጽናናታለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት። «ፈርተሻል?» ብዬ ብቻ ጠየቅኋት።

«አዎ» አለች። ይህን ስትል ፊቷ ምንም አይመስልም ነበር፤ የደከመ ፊት ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ርእሰ መምህርቷ ስለ ጣውላው ለአራተኛ ጊዜ አነሣችብኝ።

«አሁንስ ይሠሩታል?»

«ዛሬውኑ።»

ሁለት ማጠፊያና አንድ መቀርቀሪያ ገዝቼ ጣውላውን ትንሽ በር አደረግሁት። አይታው ሲያበቃ፣ «ጋሼ፣ ይምቱት ነው ያልኩት» አለችኝ። «መትቼዋለሁ» አልኳት፤ እውነትም ማጠፊያው ስምንት ምስማር ወስዷል።

ማክሰኞ ዕለት ጭምቷ በእረፍት ሰዓት በዚያች በር ስትወጣ እናቷ ከማዶ ቆማ አየኋት። «ይታከማል ብለዋል» አለችኝ በአጥሩ ላይ። ይህን ስትናገር ፊቷን ትኩር ብዬ አየሁት፤ ከስድስቱ የትኛው እንደሆነ ላውቅ አልቻልኩም። ከሁለት ሦስቱ ትንሽ ትንሽ ያለበት መሰለኝ፤ እንዲህ ያለውን ፊት እንዴት እንደሚቀርጹት ደግሞ መምሪያው አይናገርም።

የጎደለውን የደስታ ፊት ለመሥራት ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። በስተመጨረሻ አንዲት ሴት አፏን በእጇ ስትከድን የሚያሳይ ፊት አወጣሁ። ጣት መቅረጽ ከባድ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተሰብሮብኝ በሙጫ አያያዝኩት። ሐሙስ ዕለት ሳላብራራ ከክፍሉ ፊት አቆምኩት።

«ጋሼ፣ ይቺ ጥርሷን አሟታል» አለ ሬዲዮ።

«ታስነጥሳለች» አለ ሌላው።

«አይ፣ ሚስጥር ነግረዋት ነው» አለች አንዷ።

ጭምቷን አየኋት። ከዴስኳ ተነሥታ መጣች። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ከጣቶቹ በላይ ያሉትን ዓይኖች ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ደስ ብሏታል?» ብዬ ጠየቅኋት። ለማወቅ የምር ፈልጌ ነበር።

«እጇን ብታነሣው ነበር የማውቀው» አለች።

«አታነሣውም።»

እንደገና አየችው። ከዚያ ገልብጣ ጀርባውን ፈለገች።

«ቁጥሩስ?»

«ገና አልጻፍኩበትም» አልኳት።